ቱቦ የገባለትን በሽተኛ ከሳንባ ምች እንዴት እንጠብቀው? ከድሬዳዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል

የአንድ ሰው ነገር ልንገራችሁ። ከሐረር ወደ ድሬ ሲወርድ ደንገጎ ላይ መኪና ተገልብጦበት ነው የመጣው። ጭንቅላቱ ተመትቷል፣ ራሱን አያውቅም። በዚያው ሌሊት የመተንፈሻ ቱቦ ገባለትና የመተንፈሻ ማሽን ላይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ፣ የሚስቱን እጅ ጨበጠ። ሁላችንም ደስ አለን። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተረኛ ሆኜ ስገባ ግን ትኩሳቱ 39 ደርሷል። ቀጭን የነበረው አክታ ወፍሮ አረንጓዴ ሆኗል። 40 ፐርሰንት ኦክስጅን ይበቃው የነበረ ሰው 70 እየተሰጠውም ሞኒተሩ ይጮሃል። ጭንቅላቱ ሲሻለው ሳንባው ታመመ። ሌላ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ቆየ። ደግነቱ በእግሩ ሄዶ ወጣ። ያ ሳንባ ምች ግን ከቤቱ ይዞት የመጣው አልነበረም። እኛ ክፍል ነው ያገኘው።

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ጽኑ ሕሙማን ክፍል አዲስ ለተመደባችሁ ነርሶችና ሐኪሞች ነው። አስታማሚዎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ወደ መጨረሻው ለእናንተ የሚሆን አለ። እዚህ ከምዘረዝረው ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው የጥርስ ብሩሽ፣ አልኮል፣ ንጹሕ ውሃ፣ በየሺፍቱ የሚደገም ሥራ ነው።

መጀመሪያ፦ በየት በኩል እንደሚገባ እንወቅ

በሽተኛው ሆስፒታል ከገባ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የጀመረ ሳንባ ምች በሆስፒታል የተያዘ ይባላል። ቱቦ ከገባ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የጀመረው ደግሞ ከማሽን ጋር የተያያዘው ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የምንፈራው እሱን ነው።

ስሙ "ምች" ስለሆነ ሰው ንፋስ የመታው ይመስለዋል። በድሬ ሙቀት ማራገቢያ ስንከፍት "ሲስተርዬ፣ ዝጊው፣ ሳንባውን ይመታዋል" የሚሉን ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የሚመጣው ከራሱ ከበሽተኛው አፍ ነው።

ጤነኛ ሰው ምራቁን ይውጣል፣ ትን ሲለው ያስላል። ራሱን የሳተ ሰው ሁለቱንም አያደርግም። በዚያ ላይ አይሲዩ፣ ማለትም ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአፉ ያሉት ጀርሞች ይለወጣሉ። የለመዱት ይሄዱና የሆስፒታሎቹ ይተካሉ፦ ክሌብሲየላ፣ ሱዶሞናስ፣ አሲኔቶባክተር፣ ስታፊሎኮከስ። ብዙዎቹ መድኃኒት የለመዱ ናቸው። ቱቦው ደግሞ የድምፅ አውታሮቹን ከፍቶ ስለሚይዝ በሩ አይዘጋም። ምራቁ ወርዶ ከቱቦው ፊኛ፣ እኛ ኩፍ ከምንለው፣ በላይ ይጠራቀማል። ከዚያ በፊኛው እጥፋቶች በኩል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ይህን አንዴ ካያችሁ የቀረው ሁሉ ግልጽ ይሆናል። አፉ ውስጥ ያለውን ጀርም እንቀንሳለን፣ ወደ ታች የሚወርደውን እናግዳለን፣ ቱቦው የሚቆይበትን ቀን እናሳጥራለን።

ቱቦው ሳይገባ በፊት

ያልገባ ቱቦ ሳንባ ምች አያመጣም። በጭምብል የሚሰጥ የመተንፈሻ እርዳታ ወይም በአፍንጫ የሚሰጥ ከፍተኛ ፍሰት ያለው ኦክስጅን ካለና በሽተኛው ከተስማማው፣ እሱ ይቅደም። አስም፣ የቆየ የሳንባ በሽታ ወይም በልብ ድካም ሳንባው ውሃ የቋጠረበት ሰው ብዙ ጊዜ በጭምብል ያልፈዋል። ግን ራሱን የሳተን ሰው በጭምብል እየታገሉ ማዘግየት አደጋ ነው። ቱቦ የሚያስፈልገው ይግባለት።

ሲገባ አንድ የኛ አገር ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ በአደጋ የሚመጣ ሰው አፉ ውስጥ ጫት ሊኖር ይችላል። ሲቅም ቆይቶ ጉንጩ እንደተወጠረ የሚመጣ አለ። ላሪንጎስኮፑን (የጉሮሮ ማያውን) ከማስገባታችሁ በፊት መብራት አብርታችሁ ጉንጩንና ከምላሱ ሥር እዩ። ቅጠሉን በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) እና በወፍራም ሳክሽን (መምጠጫ) አውጡ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለም አውልቁ። የላመ ቅጠል በቱቦው ተገፍቶ ወደ ታች ከወረደ ከመጀመሪያው ሰዓት ተሸንፈናል።

እጅ

ከሁሉ በላይ የሚነገረው፣ በጥድፊያ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚዘለለውም እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አምስቱ ጊዜያት እነዚህ ናቸው፦ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ በሽተኛውን ከነካን በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን በውሃና ሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ።

ቧንቧው ሲቋረጥ እጅ መታጠብም አብሮ እንዲቋረጥ አትፍቀዱ። አልኮሉ በእያንዳንዱ አልጋ እግርጌ ይሁን። በሩ ላይ ብቻ የተሰቀለ አልኮል የሚያገለግለው የሚገባና የሚወጣን ሰው ነው።

አልኮል የለም ከተባላችሁ የሆስፒታሉ ፋርማሲ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ማዘጋጀት ይችላል። ለ10 ሊትር 96 ፐርሰንት ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 ፐርሰንት ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር ይገባል። ቀሪው እስከ 10 ሊትር ድረስ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በዲስቲልድ ውሃ ይሞላል። ከዚያ 72 ሰዓት ይቀመጣል፣ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረ ስፖር (የጀርም ዘር) ካለ እንዲሞት ነው። በድሬ ፀሐይ መስኮት ሥር አታስቀምጡት፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው።

ጓንት እጅ ማጽዳትን አይተካም። አንድ ጓንት አድርጎ ሦስት አልጋ የሚዞር ሰው ራሱን ብቻ ነው የጠበቀው።

የአልጋው ራስጌ

የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባርሴሎና ውስጥ ማሽን ላይ ያሉ 86 በሽተኞች ተጠንተው ነበር። በጀርባቸው ዝርግ ብለው ከተኙት 34 ፐርሰንቱ፣ ከፍ ብለው ከተኙት 8 ፐርሰንቱ ሳንባ ምች ተጠርጥሮባቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም አልጋ ከፍ ማድረግ ወጪ የለውም።

ችግሩ ዓይናችን ያታልለናል። 15 ዲግሪ የሆነውን 30 ነው ብለን እንምላለን። የአልጋው ላይ መለኪያ ከተሰበረ ይህን አድርጉ። ከፍ የሚለውን የአልጋውን ክፍል ርዝመት በሜትር ለኩ፣ 80 ሴንቲሜትር ነው እንበል። የራስጌው ጫፍ ዝርግ ከነበረበት የርዝመቱን ግማሽ፣ ማለትም 40 ሴንቲሜትር፣ ከፍ ካለ በትክክል 30 ዲግሪ ነው። 56 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ 45 ሆነ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወይም የአልጋው ብረት ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ። የሚያልፍ ሁሉ ከበር ሆኖ ያየዋል፣ ሐኪሙም ጽዳት ሠራተኛዋም።

አከርካሪው የተጎዳና መታጠፍ የሌለበት በሽተኛ ሲሆን ሙሉ አልጋውን እንዳለ በራስጌ በኩል ከፍ አድርጉት። የማዘንበያ እጀታ ከሌለው በራስጌው በኩል ያሉት እግሮች ሥር ጠንካራ ማንሻ አድርጉ፣ ጎማውም ይቆለፍ። በሽተኛው ተንሸራቶ እግርጌ ሲከማች አንግሉ ይጠፋል፣ ሆዱም ይጨመቃል። በሁለት ሰው ወደ ላይ ጎትቱትና ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጉ። የደም ግፊቱ የወረደ በሽተኛ ላይ ግን ዲግሪ ሙጥኝ አትበሉ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

አፍ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የተናቀው ሥራ ይህ ነው።

ለብዙ ዓመት አፍ በክሎርሄክሲዲን፣ በጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ፣ መጥረግ ነበር የምንማረው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ማኅበራት መመሪያቸውን ሲያድሱ ክሎርሄክሲዲኑን አይመከርም አሉ። ለሞት አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል የሚል ሥጋት ተነሥቷል። የጥርስ ብሩሹ ግን ዋና ተመካሪ ሆኖ ገባ። ፈሳሽ ብቻውን ጥርስ ላይ የተጋገረውን አያነሣም፣ መፋቅ ያስፈልጋል። መፋቂያ ይዞ ያደገ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ይቸገራል ብዬ አላስብም።

ቢያንስ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ እንዲህ አድርጉ።

ለስላሳና ትንሽ ራስ ያለው ብሩሽ ያዙ። የልጅ ብሩሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ከቱቦው ጎን ይሾልካል። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ ይሁን፣ የአልጋ ቁጥሩ ይጻፍበት። ራስጌው ከፍ ማለቱን፣ ፊኛው በቂ አየር መያዙን አረጋግጡ። ቱቦው ከንፈር ላይ ስንት ቁጥር ላይ እንዳለ አንብቡ፣ 22 ከሆነ 22 ብላችሁ ጻፉ። ሲጨርሱም ያው ቁጥር መሆን አለበት።

ከዚያ አናግሩት። "አባባ፣ ጥርስዎን ልፋቅልዎ ነው፣ አይጨነቁ" በሉ። ራሱን የሳተ ቢመስልም ሊሰማ ይችላል። አንድ ሰው ቱቦውን በእጁ ይያዝ፣ ሌላው ይፋቅ። መጀመሪያ አፍ ውስጥ ያለውን በሳክሽን አውጡ። ብሩሹን በስቴራይል (ከጀርም በጸዳ) ወይም ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አርጥቡ፣ የጥርስ ሳሙናው የሽንብራ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ከድድ ጀምራችሁ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከላይ ፋቁ። ከዚያ ምላስ። ከዚያ ቱቦው ራሱ የሚነካቸው ቦታዎች። ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሌላው እጅ በሳክሽን ይከተል፣ ምንም ነገር ወደ ኋላ አይውረድ።

አንድ ጊዜ የመጋላ ሰው የሆኑ አዛውንት ስፋቅ ከመንጋጋቸው ጀርባ አንድ ነገር አገኘሁ። አይሲዩ ከገቡ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ጭቃ የለሰለሰ፣ ሽታው ጭንብሌን አልፎ የመጣ። የጫት ቅሪት ነው። አራት ቀን ሙሉ ፋይላቸው ላይ "የአፍ እንክብካቤ ተደርጓል" የሚል ፊርማ አለ። አንዱ ፊርማ የኔ ነው። በጎዝ ከንፈር ጠርገን ነበር የፈረምነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ሳላበራ የማንንም አፍ ጨርሻለሁ አልልም።

በመጨረሻ ከንፈሩን ቫዝሊን ቀቡ። ቱቦው የተኛበትን የከንፈር ጠርዝ ወደ ሌላው ጎን አዙሩ፣ አለዚያ ይቆስላል። ብሩሹን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አድርቁት። እርጥብ ብሩሽ ፕላስቲክ ውስጥ ታስሮ በድሬ ሙቀት ሲያድር ራሱ የጀርም ማራቢያ ነው።

የቱቦው ፊኛ

ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ ይሁን። ከዚያ ሲያንስ ምራቅ ያሳልፋል፣ ሲበዛ የአየር ቧንቧውን ግድግዳ ደም ይከለክልና ያቆስላል። በየሺፍቱ ይለካ። በሽተኛው ከተገላበጠ ወይም ለሲቲ ወጥቶ ከተመለሰ እንደገና ይለካ።

የውጭዋን ትንሽ ፊኛ በጣት ጨብጦ "ደህና ነው" ማለት መለካት አይደለም። ልምድ ያለንም እንሳሳታለን። የኩፍ ማኖሜትር ከሌላችሁ የደም ግፊት መለኪያውን ሰዓት በሦስት አቅጣጫ መክፈቻና በሲሪንጅ ማገናኘት ይቻላል። በዚያ ላይ ከ15 እስከ 22 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውሃ ነው። ስታገናኙት የተወሰነ አየር ወደ መለኪያው ስለሚሄድ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ እንደተገናኘ በሲሪንጁ ሞልታችሁ አስተካክሉና ከዚያ ንቀሉ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ብዙ አይታመንም፣ ከጣት ግን በብዙ ይሻላል።

ከፊኛው በላይ ያለውን የሚመጥ ተጨማሪ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይሠራል። ካገኛችሁ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ማሽን ላይ ይቆያል ለምትሉት ሰው አስቀምጡት። ከሌለ በሽተኛውን ከመገልበጥ በፊት፣ ፊኛውን ከማስተንፈስ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን በሳክሽን አጽዱ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባል።

ሳክሽን

በሰዓት ቁጥር ሳይሆን ሲያስፈልግ ነው። አክታ ሲንኮራኮር ከተሰማ፣ የማሽኑ ግፊት ከጨመረ፣ ኦክስጅኑ ከወረደ። ካቴተሩ፣ ማለትም የምንመጥበት ቀጭን ቱቦ፣ ከመተንፈሻ ቱቦው ውስጣዊ ስፋት ግማሽ አይብለጥ። ለ8 ቁጥር ቱቦ 12 ፍሬንች (የካቴተር ውፍረት መለኪያ ነው)፣ ለ7 ቁጥር 10 ፍሬንች። መጀመሪያ 100 ፐርሰንት ኦክስጅን ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ስጡ። ስታስገቡ አትምጠጡ፣ ስታወጡ ነው የምትመጥጡት፣ ከ15 ሰከንድም አይለፍ። ሳላይን (የጨው ውሃ) በቱቦው ማንቆርቆር እንደ ልማድ አይደረግ።

አፍ የመጠጠ ካቴተር ቱቦ ውስጥ አይገባም። ከቱቦ ወደ አፍ መሄድ ይቻላል፣ ከአፍ ወደ ቱቦ ግን በፍጹም። እጥረት አለ ተብሎ ካቴተሩን ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ቀኑን ሙሉ መጠቀም የምታዩት ነገር ነው። ያ ጠርሙስ እስከ ማታ ሾርባ ይሆናል። ከሁሉም በሽተኛ ላይ አንድ ነገር ብቻ አታጓድሉ ብባል አዲሱን ካቴተር እመርጣለሁ።

ውሃው

ሱዶሞናስ ርጥበት ይወዳል። የኦክስጅን ማርጠቢያ ጠርሙስ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አይግባ፣ በጀሪካን የተቀዳ ውሃም እንዲሁ። ስቴራይል፣ ካልተገኘ ተፈልቶ የቀዘቀዘ። ሲጎድል ላዩ ላይ አይሞላም። በየ24 ሰዓቱ ይደፋል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በአዲስ ይተካል። እንዲያውም በአፍንጫ በደቂቃ ከ4 ሊትር በታች ለሚወስድ አዋቂ ማርጠቢያው ከነጭራሹ አያስፈልግም። ያለ ማርጠቢያ ስጡት፣ አንድ የጀርም ቤት ቀነሳችሁ።

የማሽኑን ቱቦዎች በቀን ቆጥሮ መለወጥ ጥቅም የለውም። ሲቆሽሹ ወይም ሲበላሹ ይለወጡ። ውስጣቸው የሚጠራቀመው ውሃ ግን ወደ በሽተኛው እንዳይፈስ ከመገልበጣችሁ በፊት አርቃችሁ ድፉት። የኔቡላይዘር (መድኃኒት በእንፋሎት መስጫ) ኩባያ ከተጠቀማችሁ በኋላ በስቴራይል ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የአየር መስጫ) ሳይጸዳ ከአልጋ ወደ አልጋ አይዙር።

ማስተኛ መድኃኒትና ከማሽን መለየት

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ቱቦውን ቶሎ ማውጣት ነው። እንዳናወጣው የሚይዘን ብዙ ጊዜ በሽታው ሳይሆን የምንሰጠው ማስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቺካጎ ውስጥ በ128 በሽተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ማስተኛውን በየቀኑ ማቋረጥ በማሽን ላይ የሚቆዩበትን መካከለኛ ጊዜ ከ7.3 ቀን ወደ 4.9 ቀን አውርዶታል።

ስለዚህ በየጠዋቱ ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ላይ ጥያቄው ይነሣ፦ "ዛሬ ማስተኛውን ማቆም እንችላለን?" የቲታነስ መወራጨት፣ የማያቋርጥ የሚጥል በሽታ ወይም የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ከሌለ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "አዎ" ነው። መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሱ፣ ከዚያ ማስተኛውን አቁሙ። የነቃ፣ የሚያይ፣ እጅህን ጨብጥ ሲባል የሚጨብጥ በሽተኛ ነው የምንፈልገው። ዲያዜፓም ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ እየደጋገሙ መስጠት ሰውየውን ሳይታወቅ ያስተኛዋል።

ሲነቃ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተል፦ "በራሱ ይተንፍስ?" ኦክስጅኑ 50 ፐርሰንትና ከዚያ በታች ከሆነ፣ የደም ግፊቱ ከተረጋጋ፣ ሐኪሙ ከተስማማ፣ ማሽኑ የሚሰጠውን እርዳታ ቀንሳችሁ ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት እዩት። አጠገቡ ቁሙ። አንዳንዱ ላብ በላብ ይሆናል፣ መልሱት፣ ነገም ቀን ነው። አንዳንዱ ግን ያስገርማችኋል።

ሌሊት ብቻዋን አራት በሽተኛ የያዘች ነርስ የሚነቃ ሰው ቱቦውን ይነቅለዋል ብላ ትፈራለች። አልፈርድባትም፣ እኔም ፈርቻለሁ። ስለዚህ ማንቃቱን ሰው በሚበዛበት ጠዋት አድርጉት።

የነቃውን አስቀምጡት፣ እግሩን አልጋ ጠርዝ ላይ ያውርድ። ቱቦ የሌለው በሽተኛም ቢሆን ተኝቶ አይዋል። ይቀመጥ፣ በጥልቅ ይተንፍስ። ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ትራስ አቅፎ ያስል። የእሱም ጥርስ ይፋቅ።

ምግብና መድኃኒት

በአንጀት መመገብ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀመር። በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባው የምግብ ቱቦ ቦታው ላይ መሆኑን በኤክስሬይ ወይም በፒኤች (የአሲድ መለኪያ) ወረቀት አረጋግጡ፣ 5.5ና ከዚያ በታች ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ነው። አየር ገፍቶ በስቴትስኮፕ ማዳመጥ አሳስቶ ያውቃል። አጥሚቱ ቀጭንና የተጣራ ይሁን፣ በቀስታ ይሂድ። ከመገብን በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ራስጌው አይውረድ። ስታጥቡት ወይም ዳይፐር ስትቀይሩ ምግቡን አስቀድማችሁ አቁሙ።

ኦሜፕራዞል የጨጓራ ቁስል ለሚያሰጋው ነው። ሳንባ ምች አይከላከልም። ምክንያቱ ሲያልቅ ይቁም። "እንዳይዘው" ተብሎ ለቀናት የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክም ቀጥሎ የሚመጣውን ጀርም መድኃኒት የለመደ ያደርገዋል። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ራሱን ለሳተና ቱቦ ለገባለት ሰው ገና እንደገባ አንድ ዶዝ ብቻ መስጠት እንደሚጠቅም በቅርቡ ታይቷል። ያ የሐኪሙ ውሳኔ ነው፣ ከአንድ ዶዝ ግን አያልፍም።

ለአስታማሚዎች

እናቴ፣ ወንድሜ፣ መምጣታችሁ ለበሽተኛው መድኃኒት ነው። ስትገቡ እጃችሁን አልኮል አሹ፣ ስትወጡም። ጉንፋን የያዘው ሰው በዚያ ቀን ይቅር፣ ሌላ ይተካው።

ጸበል ወይም ዘምዘም ይዛችሁ ከመጣችሁ ደብቃችሁ አፉ ውስጥ ጠብ አታድርጉ። ይህን በቁጣ የሚከለክል ባለሙያ ስለሚኖር ነው ሰው የሚደብቀው። ንገሩን። በንጹሕ ጎዝ ግንባሩንና እጁን እንድትዳብሱት እናግዛችኋለን። ጉሮሮው ክፍት ስለሆነ ጠብታዋ የምትሄደው ወደ ሳንባ ነው፣ ለዚያ ብቻ ነው።

ቱቦው ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። አንዲት እናት ልጃቸው ቱቦው ወጥቶለት "ውሃ" ባለ በሰዓቱ ፔርሙስ ሙሉ ሆጃ ይዘው መጡ። "አምስት ቀን ጦሙን የዋለ ልጅ!" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ግን ቱቦ የቆየበት ጉሮሮ ደንዝዟል፣ ትን ቢለውም ላያስል ይችላል። ቀጥ አድርገን አስቀመጥነው። ትንሽ ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት። ዋጠ። ሁለተኛውን ሲውጥ ድምፁ ረጥቦ ተንኮራኮረ፣ ሳል መጣ። አቆምን። በማግስቱ ደገምነው፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ሆጃውን ያን ቀን በእናቱ እጅ ጠጣ። እንግዲህ ነርሷ ውሃውን ሳትሞክር ምንም ነገር በአፍ አትስጡ፣ ተኝቶ እያለም አታጉርሱት።

መቁጠር

ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። በየሺፍቱ ስድስት ነገር ይሞላ፦ ራስጌ፣ ጥርስ፣ የኩፍ ግፊት በቁጥር፣ ማስተኛ ቆሟል ወይ፣ በራሱ ለመተንፈስ ተሞክሯል ወይ፣ የማርጠቢያ ውሃ ተለውጧል ወይ። "ተደርጓል" የሚል ምልክት ብቻ አይበቃም። 35 ዲግሪ፣ 26 ሴንቲሜትር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተብሎ ይጻፍ።

በየቀኑ ስንት ሰው ማሽን ላይ እንዳለ ቁጠሩ፣ ወሩ ሲያልቅ ደምሩ። 150 የማሽን ቀን ወጥቶ 3 ሰው ሳንባ ምች ከያዘው 3ን ለ150 አካፍሉና በ1,000 አባዙ፣ 20 ይመጣል። የክፍላችሁ ቁጥር ያ ነው። ከሌላ ሆስፒታል ጋር ሳይሆን ከራሳችሁ ካለፈው ወር ጋር አስተያዩት።

እስከዚያው በየሺፍቱ ርክክብ ላይ አክታውን በዓይናችሁ አይታችሁ ተረከቡ። ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከበዛ፣ ትኩሳት ከ38 ካለፈ፣ ኦክስጅን ከትናንት ከጨመረ፣ ሐኪሙን በዚያው ሰዓት ጥሩ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የአክታ ናሙና ይወሰድ፣ ኤክስሬይ ይነሣ። ያ የደንገጎው ሰውዬ አክታው መወፈር የጀመረው ሌሊት ነበር። ፋይሉ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት "ወፍራም" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት ጠዋት 2 ሰዓት ነው።